ገመዱን ያሳጠርኩባት ሌሊት

ባለፈው ማክሰኞ ኮንግ ቤቴ መጣ። አባቱ ቱት ከተቀበረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው የመታሰቢያ ጸሎት ስላለ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍለት ፈልጎ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ አማርኛ ይችሉበታል፤ አባቴንም ከማንም በላይ ያውቁታል» አለኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀትም ሰጠኝ። የአባቱ መንደር፣ የልጆቹ ስም፣ በባሮ ላይ ጀልባ የነዳባቸው ዓመታት ተዘርዝረውበታል። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ።

«አንድ ነገር ግን እንዳይጽፉ። ድሮ ጀልባውን አሳጥሮ አስሮ፣ በዚያ ጦስ የሰው ሕፃን ሞተ ይባላል። እሱ ይቅር።»

ይቅር አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወረቀቱን ይዤ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ነርስ ሆኜ ባሮ ዳር ያለችው ማታር ስመደብ የጎሬን ጭቃና ብርድ እንጂ ወንዝ የሚባል ነገር በቅጡ አላውቅም። ጀልባ ላይ ስወጣ ሁለቱንም ጠርዝ ጨብጬ ስለምቀመጥ የማታር ሰው መሳቂያ አድርጎኝ ነበር። ያም ሆኖ «ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔም አላርማቸውም። በዚያ ዕድሜ ስሙ ይጥማል።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ኛቦል የምትባል ወጣት ምጥ ይዟት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሁለት ቀን አምጣ አልሆነም፤ ከእኔ አቅም በላይ ነበር። መንገዱ በውሃ ስለተቆረጠ ጋምቤላ ሆስፒታል የምትደርሰው በጀልባ ብቻ ነው። ቱት ነዳጁን ሞላ፤ አብራን የምትሄደው አሮጊት የባሏ እናት ሣር አነጠፈችላት፤ እኔ ግሉኮሱን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሕፃኑን የልብ ምት በየጊዜው አዳምጣለሁ። ይሰማ ነበር።

ሽቅብ መሄድ አዝጋሚ ነው። ባሮ በዚያ ወቅት ቀይ ሆኖ፣ ግንድና ሣር ተሸክሞ ይወርዳል። ኢታንግ ሳንደርስ መሸ። ቱት በጨለማ አልሄድም አለ፤ ግንድ ከመታን ሁላችንም አለቅን ማለት ነው። ወንዙ ሲታጠፍ ወደ ዳር የገባ፣ በሸምበቆ የተከለለ ጸጥ ያለ ቦታ አገኘ። እዚያ ሲገባ ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ የረጋ ውሃ አይቼ አላውቅም። የጓሮ ኩሬ ይመስላል። ፍርሃቴ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ፤ ጥፋቴም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

በዚያ አገር በጨለማ የሰው መንደር አጠገብ ዝም ብሎ አይታደርም። በከብት ዘረፋ የተነሣ መንደሮቹ ሌሊት አይተማመኑም። አስቀድሞ አንድ ሰው ሄዶ ማን እንደሆናችሁ መናገር አለበት። ቱት ፋኖሱን አነሣና ዳር ላይ ወርዶ ገመዱን ሰጠኝ።

«ዶክተር፣ ረጅም አድርገህ እሰር። ሌሊት ውሃው ይጎድላል።»

እሺ አልኩ። እሱ ፋኖሱን ይዞ ሸምበቆው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ አሮጊቷም እንቅልፍ ወስዷት ሳለ፣ በጨለማ ወፍራም ሥር ፈልጌ አሰርኩ። መጀመሪያ በእርግጥ አርዝሜው ነበር። ግን ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ እያለች ዳሩን ስትነካ ኛቦል ታቃስታለች። እኛ ቤት በቅሎ ስትታሰር ገመዱ ያጥራል፤ ካልሆነ ትጠላለፋለች። እኔም ገመዱን ስቤ የጀልባዋን አፍንጫ ከሥሩ ጋር አጣብቄ ቋጠርኩት። ጀልባዋ ቀጥ አለች። ኛቦል ዝም አለች። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቱት ቆይቶ የተጠበሰ በቆሎና በቅል የረጋ ወተት ይዞ ተመለሰ። የመንደሩ ሰዎች የላኩት ነው። የበቆሎው ጠረን ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዳር ሆኖ «ገመዱ ረጅም ነው?» አለኝ።

«ረጅም ነው።»

ለምን እንደዋሸሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ደክሞኛል። ደግሞ ሁለት ጊዜ መጠየቁ አበሸቀኝ። ዶክተር ተብዬ ስለ አንድ ቋጠሮ በጀልባ ነጂ ልታዘዝ? ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ቱት ለትንኝ ብሎ ኩበት አጨሰና ዳር ላይ ተኛ። እኔም ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በአሮጊቷ ጩኸት ነው። ሊነጋ ሲል ውሃው ክንድ ያህል ወርዷል። አፍንጫዋ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ጀልባ በኋላዋ ዘምማ፣ ሞተሩ ሰጥሞ፣ ውሃው በኋላ በኩል ይገባል። ኛቦል ተንሸራታ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ነች። ቱት ዘሎ ገብቶ ገመዱን በቢላ ቆረጠው። ኛቦልን ተሸክመን ዳር አወጣናት።

አሮጊቷ በኑዌር ቋንቋ እየጮኸች ሥሩ ላይ የቀረውን ቋጠሮ አሳየችው። ቱት ቋጠሮውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አጭር ጊዜ ነበር። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰላት። ቋንቋውን ባላውቅም ገባኝ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት» ማለቱ ነው።

አፌን መክፈት ነበረብኝ። ኛቦል ላይ አጎንብሼ ምቱን የማዳምጥ መሰልኩ።

ቱት ሞተሩን ፈትቶ፣ ካንዴላውን አድርቆ እስኪያስነሣው ስድስት ሰዓት ሆነ። በደህና ቢሆን በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ነበርን። ኢታንግን ስናልፍ የሕፃኑን ልብ ፈልጌ አጣሁት። ቦታ እየቀየርኩ ደጋግሜ ፈለግኩ። ኛቦል ፊቴን ታያለች። ጋምቤላ ስንደርስ ጨልሟል፤ እሷን አተረፏት። ልጁ ወንድ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቱትን ብቻውን አገኘሁትና «ለምን?» አልኩት።

«እዚያ ሐኪም አንተ ብቻ ነህ» አለ። «ሰው አንተን ከፈራ ማን ይመጣል? ጀልባ ሌላም አለ።»

ሌላ ጀልባ ነበር፤ ሰውም ወደዚያው ሄደ። የኛቦል ዘመዶች ከዚያ በኋላ የቱት ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። እሱ ግን አብረን በሄድን ቁጥር ገመዱን ለእኔ ያቀብለኛል። አርዝሜ አስራለሁ። በእጁ ሳብ አድርጎ ይፈትሸዋል፤ ከዚያ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚያች ሌሊት ዳግመኛ አንስተን አናውቅም። እናገራለሁ ስል ማታርን ለቀቅኩ፤ እናገራለሁ ስል ጡረታ ወጣሁ፤ እናገራለሁ ስል ቱት ሞተ።

ሐሙስ ሌሊት ተነሥቼ የሕይወት ታሪኩን ጻፍኩ። ከነገመዱ ጻፍኩት።

ዛሬ ቅዳሜ ኮንግ ሊወስደው መጣ። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ጨርሶም ቀና አለ።

«አባቴ ማን እንዳሰረው ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እናቴ ስትናደድ በዚህ ትሰድበው ነበር» አለ። «እሱ ዝም ይል ነበር። እኛም ልጆቹ አፍረንበት ነው ያደግነው።»

ይቅርታ አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ። ኮንግ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«እኔ አላነበውም ጋሼ። እርስዎ ይቁሙና ያንብቡት።»

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የእሷም ስለሆነ ኛቦልም ትመጣለች። ዛሬ እሷም አርጅታለች፤ ግን በየትም ቦታ ስታየኝ የምታደርገውን አውቃለሁ። ነገም ገና ከበሩ ስገባ ብድግ ትላለች፤ «ዶክተር፣ እዚህ ና» ብላም የራሷን ወንበር ትለቅልኛለች።