የላላው መቀነት

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከሁለት ሰው በቀር ለማንም አልተናገርኩትም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ጋሪው ነው ጉድ የሠራን» እያለች ስትሸፍንልኝ እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ። ጥፋቱ ግን የጋሪው ብቻ አልነበረም።

ቡታጅራ አስተማሪ ነኝ። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፤ ዊልቸር ላይ ነው የምትውለው። በግራ እጇ ግን ትበላለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች። «ይቺ እጅ እያለችልኝ ማንንም አላስቸግርም» ትል ነበር።

የዚያን ቀን ወንድሟ ቡኢ ከተማ አርፎ ወደ ቀብር እየሄድን ነበር። አንስተን መቀመጫ ላይ እናስቀምጥሽ ብንላት «ሰው ፊት እንደ ሕፃን አትታቀፉኝ» ብላ እምቢ አለች። ሚኒባስ ኮንትራት ይዤ፣ ሹፌሩ የመሃሉን ወንበር ፈታልንና ከነዊልቸሯ አስገባናት። የዊልቸሩን ፍሬን ያዝኩ። በቃ፣ የጨረስኩ መሰለኝ።

መናኸሪያው በር ላይ የበርበሬ ጆንያ የሚጭን አንድ ጎልማሳ ወደ ውስጥ አየና ተጠጋን። «አላህ አፊያ ያድርግዎት እናቴ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ፍሬኑ ብቻውን አይይዘውም ወንድሜ፤ መታሰር አለበት» አለኝ።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝና ሰው ሲያስተምረኝ አልወድም። በዚያ ላይ ሐዘን ላይ ነን። «እናቴ ጆንያ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩበት።

አልተቆጣም። «ለጆንያ የማደርገውን ለእናት ልተወው እንዴ?» አለኝ።

እናቴ «ተወው ይሰር፤ ለእኛው ብሎ ነው» አለች። ሰውዬው ተንበርክኮ ዊልቸሩን በጭነት ገመዱ በአራቱም ማዕዘን ከወንበሮቹ ብረት ጋር አሰረው። እየሳበ ሞከረው። ከዚያ «አሁን እሳቸውን ራሳቸውን ዳሌያቸው ላይ በመቀነታቸው ከዊልቸሩ ጋር እሰራቸው። እኔ ልነካቸው አልችልም፣ አንተ ልጃቸው ነህ። ጥብቅ አርገው» ብሎኝ ወረደ።

እናቴ መቀነቷን ፈትታ ሰጠችኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። መንገደኛው በመስኮት ያየናል። ለቅሶ ቤት ስንደርስም «እናቱን ጠፍሮ አመጣት» እንዳልባል ፈራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አዙሬ ላላ አድርጌ ቋጠርኩት።

ሰውዬው ከውጭ «ታሰረ?» አለኝ።

«ታስሯል» አልኩት።

ቡኢ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አንድ ጋሪ ድንገት መንገዱን አቋረጠ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ዊልቸሩ ንቅንቅ አላለም። እናቴ ግን በላላው መቀነት ሥር ሾልካ ወደ ፊት ወደቀች። ስትወድቅ በግራ እጇ መሬቱን ልትደገፍ ሞከረች። ጩኸቷን ሰማሁ። የወንድሟን መርዶ ስትሰማ እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም።

ያቺ እጇ ተሰበረች። ወንድሟን ሳትቀብር ጤና ጣቢያ ዋልን። ከዚያ በኋላ እኔ ነበርኩ የማጎርሳት። አፏን ከፍታ ስትቀበለኝ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ታደርጋለች። አቤት፣ ያ እንዴት ይከብዳል!

ጄሶው የተፈታ ሰሞን መናኸሪያ ሄጄ ያን ሰው ፈለግኩት። ገና ሲያየኝ «እናታችን እንዴት ናቸው?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። «ያንተ ገመድ አልተፈታም፤ የኔ ነው የላላው» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ አስተሳሰሩን አሳየኝ። አልገባኝ ሲል ደገመልኝ።

እጇ ድናለች፤ ግን እንደ ድሮው አትጨብጥም። አሁን የትም ስንሄድ ዊልቸሩን እሱ ባሳየኝ መንገድ አስራለሁ፣ እሷንም በሰፊ ቀበቶ አጠብቃታለሁ። የሚያይ ይይ።

በቅርቡ ቀበቶውን ሳጠብቅላት ምስጢሩን መሸከም አቃተኝና «እማዬ፣ ያኔ ላላ አድርጌ ያሰርኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ላላ እንዳለ ያኔውኑ ተሰምቶኛል። ያፈርክብኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

አላፈርኩብሽም ማለት ፈለግኩ። አልቻልኩም፤ አፍሬ ነበርና። ጉልበቷን ስሜ ቀበቶውን እንደገና አጠበቅኩት።