ጉቴ ነው የተባለው ሰው

አንገር ወንዝ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሏል። የውሃው ከፍታ የሚታወቀው በእሱ ነው። የሚያነበው ሰውዬ ቤቱ ከወንዙ በላይ ጉብታው ላይ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ወርዶ ያይና ነቀምቴ ላለነው ለእኛ ይደውላል። ውሃው ከተነሣ እኛ ለታችኛው ቀበሌ እንነግራለን፣ ቀበሌው ከብረቱ በታች በእግር ግማሽ ቀን ርቀው ወንዝ ዳር ለሚያርሱት ይነግራል፣ እነሱም ከብታቸውን ያወጣሉ። ለዚህች ሥራ አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው ደመወዝ እንበላለን።

የዚያን ክረምት አለቃችን አዲስ ነበር። ከሸዋ ተዛውሮ መጥቶ ኦሮምኛን ሱቅ በር ላይ የተማረ ሰው ነው። ስኳር ሲጠይቅ «ሂንጂሩ» ይሉታል፣ የለም ማለት ነው። በዚያች ቃል ቋንቋውን የጨረሰ መሰለው። እኔም የጎጃም ሰው ነኝ፣ ግን ያልገባኝን እጠይቃለሁ።

አንገር የሞላ ዕለት እኔ ለሥራ ሲሬ ነበርኩ። ሰውዬው ሊያነብ ቢወርድ ብረቱን ውሃ ውጦታል። እሱ እዚያው የጎረቤት ጥጆችን ከውሃ ሲጎትት ሚስቱን ስልኩን አስይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ሰደዳት። ያነሳው አለቃችን ነው። የሴት ድምፅ ሲሰማ «የታለ?» አላት፣ ሰውዬውን መጠየቁ ነው። እሷ ግን ቁጥሩን የጠየቃት መሰላት።

«ሂንጂሩ! ጉቴ! ጉቴ!» አለችው።

ቁጥሩ የለም፣ ሞልቷል ማለቷ ነበር። በኦሮምኛ ጉቴ ማለት ሞላ ነው። አለቃችን የሚያውቃት ጉቴ ግን ከነቀምቴ ወደ ሲሬ መውጫ ላይ ያለችው ከተማ ናት። «የለም፣ ጉቴ ነው» ብሎ ተረጎመና ዘጋው። ሰውዬው ሥራውን ጥሎ ገበያ ወጣ ብሎ ሲቆጣ ዋለ እንጂ ቀበሌው ጋ አልደወለም።

ከታች ያሉት በቆሏቸውንም ከብታቸውንም አጡ። ለምን አልተነገረንም ብለው ሲጮኹ መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው፦ አንባቢው ጉቴ ነበር። ሰውዬው ተባረረ።

ስመለስ ይህን ሰምቼ ደሜ ፈላ። አለቃዬ ፊት ቆሜ የቃሉን ፍቺ ነገርኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «ታዲያ ለምን በአማርኛ አልተናገረችም?» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጆሮውማ ጨርሶ አይታሽም። ውሳኔው እንደጸና ቀረ።

ጥር ላይ ሰውዬው ወዳለበት ወደ አንገር ጉቲን ወረድኩ። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ እንዳለ ለሰውዬው ልነግረው ነበር፣ ሌላ ይዤለት የምሄደው ነገር አልነበረኝም። ብረቱ ከጎደለው ወንዝ ዳር ዘሞ ቆሟል። ከብት የሞተባቸው ሰዎች እሱንና ሚስቱን ሰላምታ ነስተዋቸው እንደከረሙ መንገድ ላይ ሰማሁ። ሚስቱን ደጇ ላይ አገኘኋት።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ብዬ ደህንነቷን ጠየቅኳት።

«ፈያ» አለች፣ ቀዝቀዝ ብላ።

«አባወራው አሉ?»

«ሂንጂሩ።»

«ወዴት ሄዱ?»

ዐይን ዐይኔን እያየች «ጉቴ» አለች።

እውነቷን ነበር። ጉቴ ገበያ ጆንያ ይሸከማል።