የአስቴርን ፋሻ የፈታሁ ዕለት

አሶሳ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ክሊኒክ በድሬሰርነት፣ በቁስል አጣቢነት፣ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ ፒንሳ፣ ጎዝና አንድ ጠርሙስ የቁስል ማጠቢያ ፐርኦክሳይድ አስረከበኝና «ቁስል በየቀኑ ይታጠባል፤ ደሙ እስኪታይ» አለኝ። እንደዚያው ሠራሁ። እጄ ፈጣን ነበር፤ ሰፋሪው «ታደሰ ካልነካኝ አልድንም» ይል ነበር።

ከዚያ አስቴር መጣች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ከሥልጠና መውጣቷ ነበር። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰፋሪ ስኳር በሽታ ነበረባቸው። ኮንጎ ጫማ የላጠው ውስጥ እግራቸው ስምንት ወር በእኔ እጅ አልድን ብሎ ነበርና ኃላፊው ለእሷ ሰጣት።

አፍልታ ባቀዘቀዘችው የጨው ውሃ አለቀለቀችው። ከገበያ የገዛችውን ማር አጣርታ ጎዝ ላይ ቀባችና ሸፈነችው። ሁለት ቀን አትፈታውም። እንዳይረግጡበትም ከእርሻ አስቀረቻቸው።

«ቁስል ነው የምታክሚው ወይስ ጠጅ ነው የምትጥይው?» አልኳት።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሲደርቅ እኮ ጎዙ አዲሱን ሥጋ ይዞት ይነሳል» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

በወሩ ቁስሉ ቀይ ሥጋ ሞላ። ጋሽ ሰይድ በየደጁ «ይቺን ልጅ አላህ ነው የላከልኝ!» ይላሉ። ደሜ ፈላ። እውነቱን ልናገር፣ እግራቸው ቢበሰብስ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪም ከአሶሳ ሊጎበኘን በሚመጣበት ጠዋት አስቴር ክትባት ልትሰጥ ወጣች። ጋሽ ሰይድን አስገብቼ ፋሻውን ፈታሁት። ማሩ ሥር መግል አገኛለሁ፣ ለሐኪሙም አሳያለሁ ብዬ ነው። መግል የለም። ቢሆንም ፐርኦክሳይዱን አፈሰስኩበት፤ በፒንሳ ፋቅኩት። አረፋው ቀላ። እግራቸው ደንዝዞ ስለነበር ሽማግሌው ምንም አልተሰማቸውም። «እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

ሐኪሙ አይተው «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ። ፒንሳውን ይዤ ወደ ማጠቢያው ዞር አልኩ። አስቴር ስትመለስ እግሩን አየች፤ እኔን አየች።

«በሽተኛው የኔ ነው፤ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ» አለች።

ያኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ቁስሉ አመረቀዘ። አሶሳ ወስደው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆረጧቸው። በምርኩዝ ሲመለሱ እጄን ጨብጠው «አንተስ ለፍተህልኝ ነበር፤ እሷ ናት በማሯ የጨረሰችኝ» አሉኝ። አስቴር በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በዚያው ሰሞን ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ስኳር ያደነዘዘው እግር ስታጠፉ አይጮህባችሁም። ሌላው ያሰረውን ፋሻ ከመፍታታችሁ በፊት፣ ለምን እንደምትፈቱት ራሳችሁን ጠይቁ።