የአጎቴ የሰይድ ዓሣ

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ገበያ ወጥቼ ከዓባይ በረሃ የመጡ ልጆች ዓሣ ሲሸጡ አገኘሁና አንድ ነጭ ዓሣ ገዝቼ ገባሁ። ከጓሮዬ ኮባ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ፣ ረመጥ ውስጥ ቀበርኩት። ቅጠሉ መጨስ ሲጀምር ያ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ቅጠልና አመድ፣ ከሥሩ ደግሞ የወንዝ ጭቃ። አምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የት እንደ ከረመ አላውቅም። መጫሪያውን በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩና ስምንት ዓመቴ ሆነ።

ልጄ ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል ነበረች። ከነገ ወዲያ ወደ ዐረብ አገር ልትመለስ ሻንጣዋን አስራለች። የእሷን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ጽሕፈት ብዙ አይሆንልኝም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ፣ ልጆች ወልጄ ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ፣ ያልጣመው ይተወው።

እናቴ የቆላ ልጅ ነበረች። በዓባይ አፋፍ ከሚኖሩ እስላሞች ተወልዳ፣ ፋጡማ ተብላ አድጋ፣ አባቴን ስታገባ ክርስትና ተነሥታ ሌላ ስም ወጣላት። ወላጆቿ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላዩም። ሳያቋርጥ የሚጠይቃት አንድ ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ ሰይድ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓመት አንዴ።

ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፣ ቁልቁለቱም ይናዳል፣ ከቆላ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አይኖርም። እናቴ ያን ጊዜ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከቤታችን ጀርባ ካለው ካብ ላይ ወጥታ፣ ጭጋጉ የሸፈነውን ገደል ቆማ ስታይ ትቆይ ነበር። ምን ታያለሽ ስላት ምንም ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ከጭጋግ በቀር የሚታይ አልነበረም። አባቴ እያየ እንዳላየ ያልፋታል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግትር ነበር እንጂ። እኔም የወጣሁት ከእሱ ነው።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠና ከገበያ የሚመለሱትን ሁሉ እያስቆመች ከቆላ የመጣ ሰው አላችሁ ወይ እያለች ትጠይቃለች። ለገና አባቴ በግ ያርዳል፣ ቤቱ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፣ እሷ ግን ከመደቡ ሥር አንድ ንጹሕ ወጭት በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጥ ነበር። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የአጎቴ ነው።

በእኛ አገር ክርስቲያን የእስላም እርድ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን። ሰርግ ሲሆን ለእስላሞቹ እስላም ያርዳል፣ ድስታቸው ለብቻ ይጣዳል፣ ተለያይቶ ተበልቶ አብሮ ይጨፈራል። ወግ ነው እንጂ ጠብ አይደለም። እናቴና ወንድሟ ግን የአንድ እናት ጡት የጠቡ ሆነው ከአንድ ገበታ ሥጋ መቁረስ አይችሉም ነበር። ዓሣ ሲሆን ይችላሉ፤ ዓሣ አይታረድማ። አጎቴ ጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥቅ በጣቱ ከፍቶ እያሳየኝ፣ «ይኸውልህ ማረጃው። ይሄን አላህ ራሱ አርዶ ነው የላከልን፣ የእናንተም የእኛም ነው» ይለኝ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ግድም፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ይመጣል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ከሚተኛበት ይበትነዋል፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ሰጥቶ ሲንሳፈፍ ይለቅመዋል፤ ሆድቃውን አውጥቶ፣ ጨው ሞልቶ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ፣ እንዳይበላሽበት ብርዱን ተገን አድርጎ ሌሊቱን ሽቅብ ሲወጣ አድሮ እኩለ ቀን ላይ ከበራችን ይደርስ ነበር። ጎረቤቶቻችን ገና በሩቁ ከዓሣው ሽታ ያውቁታል። ደጋ ሰው ዓሣ ይጸየፍ ነበር፣ የእባብ ወንድም መጣላችሁ እያሉ ያሽሟጥጡናል፤ እሱም ለእናንተ አልተረፈም፣ ሂዱ ባቄላችሁን ቆርጥሙ እያለ ያልፋል። ከበሩ ሲደርስ ድምፁ ዝግ ይላል።

«ፋጤ፣ አለሽ?»

እናቴ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። በዓመት ውስጥ በዚያ ስም የምትጠራው ያን ቀን ብቻ ነበር።

አባቴ ቤቴ ውስጥ አይሰገድም ብሎ ነበር። ስለዚህ እናቴ ለስግደቱ የሚታጠብበትን ውሃ በቅል ሞልታ ከካቡ ሥር ታስቀምጥለትና ፊቷን አዙራ ትመለስ ነበር። ለምን እንደምትዞር ያኔ አልገባኝም። ኋላ ገበታው ሲቀርብ ግን አባቴ ያልታረደ ነገር ማን ይከለክለኛል እያለ ራሱ ቀድሞ ይቀመጣል፣ አጎቴም ቢስሚላህ ይላል፣ አባቴም በስመ አብ ይላል፣ እናቴ በመሀላቸው ሆና ሁለቱንም ትሰማለች። ያን ፊቷን በሌላ ቀን አላየሁትም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትወቅጣለች፣ ሆዱን ትሞላለች፣ ላዩን ቅቤ ቀብታ በኮባ ጠቅልላ ረመጥ ውስጥ ትቀብረዋለች። መብሰሉን የምታውቀው በዓይኑ ነው፤ ቅጠሉን በጭንቅላቱ በኩል ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ዓይኑ እንደ ጠጠር ነጭ ከሆነ ታወጣዋለች።

ስምንት ዓመት በሆነኝ ጥር ብርቱ ውርጭ ወርዶ ኮባውን ሁሉ አቃጠለው። አጎቴ መጣ፣ ዓሣው መጣ፣ የሚጠቀለልበት ቅጠል ግን ጠፋ። እናቴ ያንን ንጹሕ ወጭት አውጥታ ዓሣውን አጋደመችበት፣ እሳት ላይ ጣደችው፣ ሌላ ወጭትም ገልብጣ ከደነችው። ቅቤው ከእንቁላል አይበልጥም ነበር። እንዳይዝብኝ ዓይንህን እንዳትነቅል ብላኝ ለአጎቴ ውሃ ልታደርስ ወጣች።

ያዘ። ክዳኑን ባነሣው ቆዳው ከሸክላው ተጣብቆ መጨስ ጀምሯል። ዓሣው ካረረ ገበታው እንደሚቀር አውቃለሁ፣ ገበታው ከቀረ ደግሞ እናቴ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ዞር ስል ከገናው በግ የቀረ የቀለጠ ሞራ በሥጋው ወጭት ውስጥ ረግቶ አየሁ። ማሰብም አላሰብኩ፣ በማንኪያ ዝቄ ከዓሣው ሥር አስገባሁት። ተንጫጫ፣ ለቀቀ፣ ወርቅ መሰለ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ያደረግሁት ነገር ምን እንደ ሆነ የገባኝ የእናቴን ፊት ሳይ ነው።

ከበሩ ሳታልፍ ሽታው ነገራት። ወጭቱን አየች፣ የበጉን ወጭት አየች፣ እኔን አየች። አልመታችኝም። ከደጅ ወንድሟ ከስግደቱ ተነሥቶ ከአባቴ ጋር ስለ እህል ሲያወራ ይሰማ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው ነው። ብዙ ቆመች። ከዚያ ዓሣውን አውጥታ ገበታው ላይ አቀረበችው።

አጎቴ በላ። እንደ ዛሬ ጣፍጦልኝ አያውቅም አለ። እናቴ ጥርሴን አሞኛል ብላ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ ሳትቀምስ ከማዕዱ ወዲያ ተቀምጣ ቀረች። አጎቴ ከዓሣው ጉንጭ ሥር ያለውን ለስላሳውን ቦታ ቆርሶ ሊያጎርሳት እጁን ዘረጋ።

«እንኪ ብዪኛ፣ ፋጤ። ለማን ብዬ ነው ያመጣሁት?»

«ብላ አንተ፣ አያ ሰይድ። ሳይህ ጠገብኩ።»

እጁ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። ዋጥኩት።

በሚቀጥለው ጥር እናቴ ወጭቱን አጥባ ጠበቀች። ጥር አለቀ፣ የካቲት ገባ። ከቆላ ማር ይዞ የመጣ አንድ ሰው ሰይድ ክረምቱን በወባ መሞቱን ነገረን፤ የምናውቅ መስሎት ነበር። እናቴ አብሯት የሚያለቅስ ወገን በአካባቢው አልነበራትምና ከካቡ ላይ ወጥታ ብቻዋን አለቀሰች። እኔ ደግሞ ያ ሞራ ነው የገደለው ብዬ ስንት ጊዜ ሌሊት ባነንኩ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ነገርኳት። እህል እያበጠረች ነበር፣ ቀና አላለችም።

«አንተ ልጅ ነህ፤ አታውቅም ነበር። አውቄ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ አንተ ተወው።»

ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ፋጤ ብሎ የጠራት የለም። አባቴም አልጠራት፣ እኔም አልጠራኋት። ብጠራትስ ኖሮ ምን ይጎድለኝ ነበር እላለሁ ዛሬ።

እንግዲህ ልጄ። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ኖረች። ስትሄድ ከድጃ የሚል ስም ፓስፖርቷ ላይ አስጽፋ ነው የሄደችው፣ ለሥራው ነው አለችኝ፤ ብዙዎቹ ያገራችን ልጆች እንደዚያ አድርገው ነው የሚሄዱት። ስትመለስ ግን ከልቧ ሰጋጅ ሆና ተመለሰች። እናቷ እሷ በሌለችበት አርፋለች፣ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፣ እሷ ከማዶ በድስቷ ትበላለች፣ እኔ ከወዲህ በድስቴ። ለገና ዶሮ ሠርቼ ጠራኋት፤ ይቅርብኝ አባ አለች። የአባትሽን እጅ ተጸየፍሽ ወይ አልኳት። ከዚያ ወዲህ እህ እንኳን አልተባባልንም። ከመጣች ጀምሮ ስሟንም አፌ እንቢ ብሎ አንቺ እያልኩ ነው የከረምኩት። ጅዳ ሳለች ቴሌ ሄጄ ድምፅዋን ስሰማ ከጎኔ ያለች ይመስለኝ ነበር፤ ከጎኔ ስትሆን ጅዳ ሆነች። እንዲህ ሆና ከሄደች እንደማትመለስ አውቃለሁ። ጥር ሲያልፍ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ አይቻለሁ።

የዓሣው ዓይን ነጭ ሲሆን አውጥቼ ከነቅጠሉ ትሪ ላይ አደረግሁትና በሯን አንኳኳሁ። መጥታ ቆማ አየችው።

«በምን ነው የቀቡት፣ አባ?»

«በራስሽ ዘይት። ወጭት አልነካም፣ ቢላዬንም አላስጠጋሁት፣ በጣቴ ነው የጠረግሁት።»

ተቀመጠች። እኔም ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን የሞራውን ነገር፣ ከውርጩ ጀምሬ እስከ ባለማሩ ሰውዬ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አያቴ ግን አልበሉም» አለችኝ።

«አልበላችም።»

ከዚያ እጇን ታጥባ ዓሣውን ከፈተችው፣ ዓይኔ ደክሟልና አጥንቱን እየለቀመች ነጩን በእኔ በኩል ትከምርልኝ ጀመር። እሷ ቢስሚላህ አለች፣ እኔም በስመ አብ አልኩ። ጨው አንሶታል አለች። እውነቷን ነው፣ አንሶት ነበር። ስለ መሄድም ስለ መቅረትም አልተናገረች፣ እኔም አልጠየቅሁ፤ ሻንጣው እንደታሰረ ነው። ከበላን በኋላ ትሪውን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች። ቤቱ እንደ ወትሮው ጭር አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ እሳት አያያዝኩ፣ ውሃ ለብ አድርጌ በጆግ ሞልቼ ከክፍሏ በር ላይ አስቀመጥኩ። «ከድጃ፣ ነግቷል» አልኩና ፊቴን አዙሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።