ከአውድማው ሥር ሦስተኛው በር

ኮቪድ ሰውን ሁሉ ቤቱ በዘጋበት ዓመት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሚነርቫ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንዲት የስፔን ተወላጅ ባልቴት እንከባከብ ነበር። ስማቸውን በደረቁ መጥራት ስለከበደኝ “እትዬ” አልኳቸው። ትርጉሙን ሲሰሙ ወደዱትና “ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ከጠራሽኝ አልሰማሽም” አሉኝ።

ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር የሚያወሩልኝ ተራራ ላይ ስላለች መንደራቸው ነው። ሰው ጥሏት ከወጣ ቆይቷል። “ቤታችን ከድንጋዩ ክብ ሥር ሦስተኛው በር ነው” ይላሉ፤ “አባቴ ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ጽጌረዳ ቀርጾበታል። በቅሎዎቹ ክቡ ላይ ሲዞሩ ከደጃፋችን ሆነን እናይ ነበር።”

ልጃቸው፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው፣ ስልኩን እየጎረጎረ “ማፕ ላይ የለችም። የእናቴም የልደት ወረቀት ከተማ ተወለደች ነው የሚለው። ዕድሜ ነው፣ ዝም ብለሽ እሺ በያት” ይለኛል። እትዬ ደግሞ ጆሯቸው ደህና ነው። አንድ ቀን እጄን ከነማበጠሪያው ያዙና “አንቺም ፈጠራ ይመስልሻል?” አሉኝ።

“አላውቅም፣ እትዬ” አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

በ2022 መንገዱ ተከፍቶ፣ ስፔን ለአንድ ሴሚስተር የሄደች ልጄን ልጠይቅ ተነሳሁ። እትዬ ወረቀት ላይ ወንዝ፣ ድልድይና የፈረሰ ግንብ ሥለው፣ አጠገቡ ያለችውን የትንሿን ከተማ ስም ጽፈው ሰጡኝ።

እኛ ሰፈር፣ ኖርዝላንድ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሕንፃ “አሮጌ” ተብሎ ይፈርሳል። ያቺ ትንሽ ከተማ ግን የደረጃዎቿ ድንጋይ በእግር ብዛት እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ድልድዩን የሠሩት ሮማውያን ናቸው አለችኝ ልጄ። እኔ አፌን ከፍቼ ስቆም፣ አንዲት ሴትዮ ሽንኩርቷን በዘንቢል ይዛ እንደ ዋዛ ተሻገረችበት። እንዴት ያለ መታደል ነው!

ከድልድዩ ማዶ የበቅሎ መንገዱን ይዘን ወጣን። ጦስኝ ይሸታል፤ ስረግጠው የበለጠ ይሸታል። ግንቡ አንድ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል፤ በመስኮቱ ቀዳዳ ሸለቆው ሁሉ ይታያል። ከግንቡ ጀርባ መንደሯ ብቅ አለች። ጣራ የለ፣ ሰው የለ፣ በለስ ብቻ በየሳሎኑ በቅሏል። በሩ ግን ስንቱ!

“ማሚ፣ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?” አለች ልጄ። አደባባዩ ላይ ክብ የውኃ ጉድጓድ አገኘችና ከሱ ሦስት በር ቆጠረች። ጽጌረዳ የለም። በሌላ በኩል ቆጠረች። የለም። “ምናልባት እኮ የእትዬ ልጅ ልክ ነው” አለችኝ።

ተቀምጬ አሰብኩ። በቅሎዎች ድንጋይ ላይ የሚዞሩት ለምንድነው? ኧረ እኔ የወሎ ልጅ! ያ ክብ እኮ አውድማ ነው፤ እህል ሲያበራዩበት ነው! አውድማ ደግሞ ረባዳ ቦታ ላይ አይሠራም፣ ገለባውን የሚወስድለት ነፋስ ይፈልጋል። ተነሳሁና ሻርፔ ወደሚውለበለብበት ወደ ጉብታው ወጣሁ። ቁጥቋጦውን ስገፋ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ ክብ እግሬ ሥር ተዘረጋ።

“ሄሊኮፕተር ማረፊያ ነው?” አለች ልጄ እያለከለከች።

“አንቺ የኮሎምበስ ልጅ! እንጀራሽ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?”

ከሥሩ ቆጠርን። አንደኛው ፈርሷል። ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሦስተኛው ቆሟል። ከበሩ በላይ ያለውን፣ ሽበት በመሰለ ሻጋታ የተሸፈነውን ድንጋይ በሻርፔ ጫፍ ጠረግኩት፤ አንድ ጽጌረዳ፣ ከአምስት ቅጠል ጋር።

እዚያው ሆኜ ለእትዬ በቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ኮሎምበስ ጠዋት ነበር፤ ያነሳው ልጃቸው ነው። ድንጋዩን አሳየሁት። ስልኩን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። “እማማ፣ አባትሽ የቀረጸው ይኸው” ሲል ሰማሁት።

እትዬ አዩት። አላለቀሱም። እኔ ነፋሱ እንዳይረብሽ ስልኩን በሻርፔ ከለልኩና “እትዬ፣ ይሰማዎታል? ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

“ሻርፑን አንሺው” አሉኝ። “ያን ነፋስ ልስማው።”

ወደ አውድማው ተመልሼ ወጣሁና፣ ክንዴ እስኪዝል ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩላቸው።