ወደ ግራ ያዘነበለችው መኪና

አባቴ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚያወርዱባት የጭነት መኪና ነበረቻቸው። ሞተሯ ከመጠን በላይ ጉልበተኛ ስለነበር ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ የቀኙ የኋላ ጎማ መሬቱን ለቀቅ ያደርግና በባዶው ይሽከረከራል። መላ ፈልገው ከሻንሲው ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ አየር የሚሞሉ ሁለት የጎማ ከረጢቶች ገጠሙላት። የቀኙን ከግራው አብልጠው ይነፉታል። ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ቆማ ስትታይ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ታዘነብላለች።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። መኪናዋ የምትቆመው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በራችን ላይ ነው።

«ያባትሽን መኪና ምን ነካት? ሪህ ነው?» አለችኝ አንዷ የክፍል ጓደኛዬ።

«ኧረ እየሰገደች ነው!» አለች ሌላዋ።

አብሬያቸው ሳቅኩ።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ አንድ የእንጨት ነጋዴ መኪናዋን ሊፈትን መጣ። የኪዳነ ምሕረትን ጭቃ ዳገት ከወጣች የዓመቱን ጭነት ለአባቴ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። አባቴ ሊቀበሉት ወደ ሲግናል ወርደው ሳሉ፣ ጓደኞቼ ልብስ ሊያጥቡ በበራችን እንደሚያልፉ አውቅ ነበርና የቀኙን ከረጢት መንፊያ በስፒል ተጭኜ አየሩን አስተነፈስኩ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጆቹ ምንም ሳይሉ አለፉ።

አባቴ ከነጋዴው ጋር እያወሩ፣ ዝናብ ስለጀመረ ተጣድፈው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ከረጢቱ መተንፈሱን ሳያዩ ቀሩ።

«ነይ ግቢ፤ አንቺም እዪ» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

መንገዱን ሙሉ ልነግራቸው እችል ነበር። ከዳገቱ እኩሌታ ሳንደርስ ጎማው ጭቃውን እየረጨ በባዶው ዞረ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ።

«አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሞተር ተሸክማ ባዶዋን አቃታት? አህዮቼ ይሻሉኛል!» ብሎ ነጋዴው በእግሩ ወረደ።

አባቴ ከመኪናዋ ሥር ገብተው የቀኙን ከረጢት ዳበሱት።

«ያስተነፍሳል ለካ» አሉ። «አገጣጠሙን አላወቅኩበትም።»

በማግስቱ ሁለቱንም ፈቷቸው፤ ቁልፍ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ሲወጡ ጎማው መሬት እንዲይዝ ከኋላ ድንጋይ ይጭናሉ፤ ጫካው ሲደርሱ በእጃቸው ያራግፉታል። ወገባቸው እስኪጎብጥ እንዲህ ሠሩ። አንዳንዴ ድንጋዩን አብሬያቸው አነሳ ነበር፤ ያን ጊዜም አልነገርኳቸውም።