ስታቭሮ ብድግ ያለ ዕለት

የበደለኝ ዶክተር ስታቭሮ ነው። የበደለኝም በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ፌርፋክስ መንገድ ባለው የአክስቴ ምግብ ቤት መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ስሙን የጠራሁት በችኮላ አይደለም፤ አርባ ዓመት ያህል አስቤበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከቫን ናይስ ቤቴ ወጥቼ ወደ አነስተኛ አፓርታማ ለመግባት ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ ስከት መጽሐፉን አገኘሁት። ስለ ገንዘብና ስለ ዋጋ ራሱ ስታቭሮ የጻፈው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው። ስከፍተው ግን የወረቀት ሳይሆን የበርበሬ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ያን ጊዜ የማስቀምጠው ከባንኮኒው ሥር፣ አክስቴ በርበሬና ሚጥሚጣ ከምታኖርባቸው ቆርቆሮዎች አጠገብ ነበርና። አነጠስኩ። ከዚያ ዕቃ መክተቱን ትቼ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ሰሌዳ አልነበረም። አንድ ምንጣፍ የሚሸጥ ሰው፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በመካከላቸው ደግሞ ስምንት ጠረጴዛ ያላት የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ቤት ነበረች። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አምስቱን ቀን ትምህርት ቤት እውላለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ አስተናግዳለሁ። ደንበኞቻችን ታክሲ ነጂዎችና መኪና ጠባቂዎች ነበሩ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ መኪናቸውን ከኋላ ፓርክ አድርገው ይገቡና አንድ ሽሮ ለሦስት አዝዘው ሦስት ሰዓት ሙሉ ፖለቲካ ያወራሉ።

ዶክተር ስታቭሮ ግሪክ ነው። አንቱ ብዬ አልጽፍለትም፤ ይህም ከቂም ብቻ አይደለም፣ እሱም ማንንም አንቱ አይልም ነበር። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው። አባቱ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የወይራ ዘይትና ሰርዲን፣ ሚስማርም ጭምር የሚሸጥ ሱቅ ነበረው። አማርኛው የድሬዳዋ አማርኛ ነው፤ ፈጣን፣ ሳቅ የበዛበት፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ የሚል። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር። መጀመሪያ የመጣ ቀን መንገድ የጠፋው ቱሪስት መስሎን፣ አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና «ይሄ ፈረንጅ ምን ይችላል ብለሽ ነው፣ ቃሪያውን አውጪለት» ብላ ስትጮህብኝ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ «እትዬ፣ ቃሪያውን ተይልኝ፤ የእናቴን ጡት የጣልኩት በሱ ነው» አላት። አክስቴ አፍራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱ አልወጣችም።

የዚያ ሰው ጭንቅላት ዛሬም ያስደንቀኛል፤ የበደለኝን ሰው ማድነቅ ምን ያህል እንደሚያበሽቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቅዳሜ መስፍን የሚባለው ታክሲ ነጂያችን፣ ምላሱ ከመኪናው የሚፈጥን ሰው፣ ቤንዚን ለምን እንደሚወደድ ጠየቀው። ስታቭሮ ከየጠረጴዛው ጨውና ሚጥሚጣ፣ የጥርስ እንጨትም ሰበሰበ። ጨዉ አገር ሆነ፣ ሚጥሚጣው ነዳጅ ሆነ፣ እንጨቶቹ ደመወዝ የሚጠብቁ ሰዎች ሆኑ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የዓለምን ገንዘብ ከበረሃ ጉድጓድ አውጥቶ፣ በባንኮች በኩል አዙሮ፣ መስፍን ኪስ ድረስ አምጥቶ አሳየን። ቤቱ ሙሉ ሰው መብላቱን ረሳ። እኔ የቆሸሹ ሳህኖች በክንዴ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እስከዚያ ቀን ቁጥር ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚደርቅ ነገር ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ሰው ሲነሣ፣ ሲሄድ፣ ሲራብ አየሁት።

«ሶ ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ ካወቅህ ለምን ሀብታም አልሆንክም?» አለው መስፍን።

«የአየር ትንበያ የሚያነበውን ሰውዬ ዝናብ አይመታውም እንዴ?» አለ ስታቭሮ።

ከጭንቅላቱ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ጉልበቱ ነበር። ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩን፤ በአገራቸው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፣ እዚህ አንድ ሆቴል በር ላይ ቀይ ሰደርያ ለብሰው የሰው መኪና ያቆማሉ። እሳቸው ሲገቡ ቤቱ በሙሉ «ኖር!» እያለ ይነሣል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ስታቭሮ ነበር። መጽሐፍ የደረሰ ፕሮፌሰር ለመኪና ጠባቂ ናፕኪኑን ጥሎ ብድግ ሲል ባየሁ ቁጥር አንገቴን የሚያስደፋ ነገር ይሰማኝ ነበር። ይህን ማን እንዳስተማረው አንድ ቀን ጠየቅሁት። ያሳደገችው ሞግዚት ከመንዝ የመጣች፣ እማማ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ ትልቅ ሰው ገብቶ እሱ ተቀምጦ ካገኘችው ጉልበቱን በማማሰያ ትመታው ነበር። «ጆሮዬ ከመስማቱ በፊት ጉልበቴ ይሰማል» አለኝ።

እኛ ቤት መምጣት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ፓርቲ ሰዎች ከአቴንስ ይደውሉለት ጀመር። ለፓርላማ ሊወዳደር ነው። ንግግሩን የሚለማመደው እኛ ቤት፣ በአማርኛ ነበር። በግሪክኛ ሲለማመድ የክፍል ሌክቸር ይሆንበታል፤ በአማርኛ ግን፣ እሱ እንዳለው፣ ሲዋሽ ያስታውቅበታል። ነጂዎቹ መራጭ ሆነው ይሰድቡታል፣ ያቋርጡታል፣ መንገዳችንን መቼ ነው አስፋልት የምታደርገው ይሉታል። እኔም አንድ ቀን ደፍሬ፣ መጀመሪያ ስለ ዋጋ አትናገር፣ መጀመሪያ ልጆቻቸው እንዴት እንደሆኑ ጠይቃቸው አልኩት። ናፕኪን ላይ ጻፈው። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በአየር አላውቅም።

«ኢኮኖሚክስ ተማሪ» ያለኝ እሱ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ አመለከትኩ፤ ውጤቴ በቂ ነበር፣ የጎደለኝ የሚያውቀኝ ፕሮፌሰር ሞልቶ የሚፈርመው አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ስኮላርሺፑ ካልመጣ ከመስከረም ጀምሮ ሙሉ ቀን ወጥ ቤት እንደምገባ ከአክስቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ቅጹን ስሰጠው «አንቺ ልጅ፣ ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው?» ብሎ ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ ይህንንም መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈርሞ ሰጠኝ።

ቅጹ የሚገባበት ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ክራባት ካሰሩ ሁለት ግሪኮች ጋር ገባ። ከፓርቲው የተላኩ ነበሩ፤ በማግስቱ አብረው ሊበሩ ነው። መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ትሪውን ካስቀመጥኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ «ዶክተር፣ ወረቀቴ ደረሰልኝ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። መንገድ ላይ አድራሻ እንደሚጠይቅ ሰው በትሕትና ፈገግ አለና፣ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ ሚስ፣ ቋንቋውን አላውቀውም» አለኝ።

መስፍን ከጥግ ሆኖ «ምላሱን ኤርፖርት አስቀድሞ ልኮታል» ሲል ሰማሁ፤ ማንም አልሳቀም። እጄን በሽርጤ ጠረግሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ፣ የምሄድበት ጠፋኝ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሼ ታደሰ በቀይ ሰደርያቸው ገቡ። ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ስታቭሮም ተነሣ። አእምሮው እንዳልፈቀደ ፊቱ ይናገራል፤ ጉልበቱ ግን የእማማ አስካለን ማማሰያ ሰምቶ ከማንም ቀድሞ ቀጥ ብሏል፣ እጁም ደረቱ ላይ ነው። ሁለቱ ግሪኮች አንጋጠው አዩት። አንደኛው አንድ ነገር ጠየቀው።

አሁን አለቀለት አልኩ። እሱ ግን አልተቀመጠም። በአገጩ ወደ ጋሼ ታደሰ ሽበት አመለከተ፣ በግሪክኛ ሦስት አራት ቃል፣ በጣም ቀስ ብሎ ተናገረ። ትልቁ ግሪክ መነጽሩን አወለቀ። ወንበሩን ገፋ፣ ተነሣ። ሌላውም ተከትሎ ተነሣ። የማላውቃቸው ባለ ክራባቶች ለፓርኪንግ ሠራተኛ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ሰውዬው ዓይኔ እያየ ያጋለጠውን ጉልበት ወደ ክብር ለወጠው።

«ምነው፣ ዛሬ ሹመት አለ እንዴ?» አሉ ጋሼ ታደሰ ግራ ገብቷቸው። «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ ልጆቼ። ስታቭሮ፣ አንተም ተቀመጥ።»

ሰላምታቸውን በጭንቅላቱ ብቻ መለሰ። ወደ እኔ ግን አንዴም አልዞረም። ሲወጡ ትሪውን ሳነሣ ከሥሩ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ቅጼ ነበር። ምንም አልተጻፈበትም።

ምክንያቱን ቆይቶ የነገረኝ መስፍን ነው፤ አንድ ግሪክ ተሳፋሪ አጫውቶታል። ተቃዋሚዎቹ ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ ነው እንዳይሉት፣ የምርጫ ወረቀቱ ላይ የተወለደው በአባቱ ደሴት ነው ተብሎ ታትሞ ኖሯል። አሸነፈ። ሚኒስትር ሆነ፣ በመጨረሻም የአገሩ ብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆነ። ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ጋዜጣ እፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ታሪኩን አገኘሁ፤ ገበሬ ቡና ቤት ሲገባ ሚኒስትሩ ከወንበሩ ብድግ እንደሚል፣ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ሕዝቡም የሚወደው በዚህ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ጠባይ ከደሴቱ አያቶቹ ወረሰው ይላል። ጋዜጣውን አጥፌ መለስኩ። እንዲያም ሆኖ ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ ነው ያየሁት፤ አንድ ሰው ከስምንት ጠረጴዛ ተነሥቶ እዚያ መድረሱ ያስፈራል።

አክስቴ የለችም። ጋሼ ታደሰም የሉም። ቤቷ የስልክ ሱቅ ሆናለች። ባለፈው እሑድ እዚያው ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት በከዘራዬ ገባሁ፤ ሃያ የሚሆኑ የአገሬ ልጆች ተቀምጠዋል፣ አንዷ ከስልኳ ቀና ብላ ሃይ አለችኝ። ክፋት የላቸውም፤ የሚመታቸው አልነበረም። ግን በሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ። የመንዟን ሴት ማማሰያ ጉልበቱ የሚያስታውስ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከቀረ፣ እሱ የበደለኝ ሰውዬ ነው።

ያን ጊዜ በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት፣ አክስቴ የምግብ ዝርዝር በምትጽፍበት የጽሕፈት መኪና ቅጹን ሞላሁት። «ይህችን ልጅ በሚገባ አውቃታለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ፊርማውን ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እያየሁ ፈረምኩ። ሰኞ ፖስታ ቤት ሄጄ ላክሁት። በመስከረም ትምህርት ጀመርኩ።